የተዋሰችው ደረት

«አገጭሽን ቀና አድርጊ። አሁን አየር ሳቢና ያዢ» አለች አይናዲስ። ታናሽ እህቷ ሂዊ ደረቷ የራጁን ሰሌዳ ሲነካ ቅዝቃዜው አስደነገጣት።

«እታለም፣ ጀርመኖቹ ግን ያንቺን ደረት ጠይቀው የኔን ሲያገኙ አይከፋቸውም?»

«አትሳቂ፤ ምስሉ ይበላሻል።»

አይናዲስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰው ራጅ ስታነሳ ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። የጀርመንኛ ፈተናውን አልፋ ከጀርመን የሥራ ውሉ ደርሷት፣ ለቪዛው የቀረው አንድ የደረት ራጅ ብቻ ነበር። ትናንት የራሷን አንስታ ስታየው ግን ቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ ነጭ ጥላ አገኘች። የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን የሚነግራት ሐኪም አላስፈለጋትም። ሕክምናውን እዚያው እደርስበታለሁ ብላ፣ እህቷን በራሷ ስም ልታነሳ ታካሚ ሳይበዛ በማለዳ ይዛት መጣች።

ቁልፉን ተጫነች። ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ የጎድን አጥንቶቹ፣ ቀጥሎ ልቧ፣ ከዚያ ቀኝ ሳንባዋ። እዚያው ቦታ ላይ ያው ጥላ ነበር። የሂዊ እንዲያውም ሰፋ ብሎ መሐሉ ተቦርቡሮ ነበር።

«አማርኩ?» አለች ሂዊ ሹራቧን እያጠለቀች።

አይናዲስ ዓይኗን ከምስሉ መንቀል አቃታት። «ሳል የጀመረሽ መቼ ነው?»

«ካንቺ ነዋ የያዘኝ!» ሂዊ ሳቀች። «ባንድ አልጋ እያሳልሽብኝ፣ ሌላ ከየት ይመጣል?»