ሁለት ሰዓት ተኩል በአውሮፕላን

«ስትወርድ መጀመሪያ የምታቅፈው እኔን ነው፤ እናቷ ራሷ ተራዋን ትጠብቃለች!» አለች ብሪዲ፣ በፒክአፑ ጥሩንባ ካንጋሮዎቹን ከማረፊያው ሜዳ እያባረረች። በዚያች የበረሃ መንደር አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ሜዳውን የሚያጸዱት እሷና አባቷ ነበሩ። የዚያን ቀን የምትመጣው ደግሞ ጓደኛዋ ማርኒ ነበረች፤ አደሌድ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እስቲ እናያለን» አለ አባቷ፣ መሪውን እያዞረ።

ትንሿ አውሮፕላን አቧራዋን አስነስታ ቆመች። ማርኒ ወረደች። ከኋላዋ አንዲት የከተማ ልጅ ዝንቦቹን በሁለት እጇ እየተከላከለች ተከተለቻት። ብሪዲ እጆቿን ዘርግታ ሮጠች። ማርኒ ግን ወደ ኋላ ዞረችና ባርኔጣዋን አውልቃ ለልጅቷ አጠለቀችላት፤ ማሰሪያውንም ከአገጯ ሥር ቀስ አድርጋ አሰረችላት። ያንን ባርኔጣ ብሪዲ አንዴ ልሞክረው ብላ ስንት ቀን ለምና ተከልክላለች! የተዘረጉት እጆቿ መግቢያ አጡ፤ ፀጉሯን አከከችባቸው።

«ደከመሽ አይደል፣ የኔ እመቤት?» አለቻት ብሪዲ እንግዳዋን። «ከአደሌድ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል በረራ እኮ ነው፤ ለእናንተ ለከተማ ልጆች ይከብዳል። እኛ ለልደት ኬክ እንኳ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንነዳለን። ለጓደኛማ የዓለም ጫፍ ድረስ!»

እንግዳዋ መሬት መሬት አየች። ማርኒ ግን ብሪዲን ትክ ብላ አየቻት።

«ታዲያ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆኜ አደሌድ ሆስፒታል ሳምንት ሙሉ ስተኛ ለምን አልመጣሽም? እሷ በየቀኑ መጥታለች።»