የሦስት ወፎች ሒሳብ

የኦቦ ጃራ በቅሎ ብትጠፋ ሱሉልታ ላይ አውጫጭኝ ተጠራ። ከአርባ ቤት አንድ አንድ ሰው መስኩ ላይ ተኮልኩሏል፤ ሌባው እስኪታወቅ ንቅንቅ የለም፣ ዝናብም ቢመጣ ሆድም ቢጮህ። ለንጉሡ መንግሥት ዳኞች አሉት፤ ሱሉልታ ግን የምታምነው ወፍ ነው።

ወፍ ማለት የአገሩ ሽማግሌ ኦቦ ቦጂያ በስውር የሚመርጡት ጠቋሚ ነው። አሁን ሦስት ናቸው። ማን እንደሆኑ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ወፍም ሌላውን አያውቅም።

ሰው ሁሉ የሚያየው ደቻሳን ነው። በቅሎዋ በጠፋች ማግስት አዲስ ካፖርት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሄደው እሱ ነዋ! ከተጠቆመ ወህኒ ይወርዳል፤ የሚስቱ የደጊቱ መውለጃ ደግሞ ደርሷል። ያሳዝናል።

«እህቴን ባልሰጥህ ኖሮ የምልህን አውቅ ነበር!» አለው ጃራ። ሱሉልታ ላይ ሰው ከመስደብህ በፊት ዝምድና መቁጠር አለብህ።

ከጎጃም ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ በአገሩ አንድም ዘመድ የሌለው የሒሳብ መምህር ብዙነህ ትዕግሥቱ አለቀ። ቅዳሜን አዲስ አበባ ሊያሳልፍ አስቦ ነበር።

«ኦቦ ቦጂያ፣ በሒሳብ እንጨርሰው» አለ። «ወፎቹ ካልተማከሩ የአንዱ ጥቆማ ሌላውን አይነካም። የመጀመሪያው አንድ ስም ይጠራል። ሁለተኛው ያንኑ ስም በግምት የመጥራት ዕድሉ ከአርባ አንድ ነው። የሦስተኛውም እንደዚያው። አርባን በአርባ ያባዙት፤ ከሺህ ስድስት መቶ አንድ! ሦስቱም ከተስማሙ ሌባው እሱ ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻም።»

«አይሳሳትም?»

«ሒሳብ ዘመድ የለውም፣ ኦቦ። ንጉሥ ይሙት፣ አይሳሳትም!»

«ዱጋ! ዱጋ! እውነት ነው!» አለ ሕዝቡ።

ሁሉም በየተራው ከትልቁ ጥድ ጀርባ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ወፎቹ በሽማግሌው ጆሮ ስም ተናገሩ፤ የቀረው ወፎቹን ለመሸፈን እጅ ነስቶ ተመለሰ። መምህሩም እጅ ነስቶ መጣና ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ኦቦ ቦጂያ ብቅ አሉ።

«ሦስቱም አንድ ስም ጠሩ።»

ከመስኩ ዳር ቆማ ስታይ የነበረችው ደጊቱ እሪ አለች። ደቻሳ ለመታሰር እንዲያመች ካፖርቱን አወለቀ።

«መምህር ብዙነህ» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ «በቅሎዋን የት አደረስካት?»