የባቄላው ወሰን

ሰፈሩ አሜሪካ፣ ከማውንትሌክ ቴራስ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በአንድ ፕላን፣ በአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። ቤቱ ሁሉ አንድ መልክ ነው። አጥር ማጠር ክልክል ነው፤ ወታደሮቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ይኑሩ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው አሉ። ወታደሮቹ ካለቁ ቆዩ። ሕጉ ግን አለ።

አቶ ወልደ ሥላሴ ሰፈሩን ገና ሲያዩት ጠሉት። ልጃቸው ኖላዊት ቤቱን በገዛች በወሩ ነው ከአገር ቤት ያስመጣቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው፤ ከብት የማይግጠውን ሣር ውኃ አጠጥቶ አሳድጎ መልሶ ማጨድ እብደት መሰላቸው።

"ወሰኑ የቱ ጋ ነው?" አሏት።

"እኔንጃ አባዬ። እዚህ ሰው ወሰን አይጠይቅም" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ወሰን የሌለው መሬት የት አለ? ከጎረቤቱ ቤት በወዲህ፣ ሣሩ ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጫጭ ድንጋዮች አገኙ። ለካ እዚህም ወሰን የሚያውቅ ሰው አለ ብለው ደስ አላቸው። ከድንጋዩ ወዲህ ያለውን ሣር ቆፍረው ገለበጡና ባቄላ ዘሩ።

ጎረቤቱ ኢሳይያስ ይባላል። አሥመራ ተወልዶ መርካቶ ያደገ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባቄላው ብቅ ሲል ዓይኑን ከቡቃያው ወደ ነጫጭ ድንጋዮቹ አዞረ። ከዚያ "ይበርቱ፣ አባባ" አለና የውኃ ጎማውን ዘርግቶላቸው ገባ።

ለስላሳነቱን አልወደዱትም። ድንበር ገፊ ሁሉ አፉ ቅቤ ነው።

ባቄላው ሲያብብ የሰፈሩን ሕግ ከሚያስከብረው ማኅበር አንድ ሰው መጣ። የእሳቸውን በር አልፎ የኢሳይያስን አንኳኳ። ወደ ባቄላው እያመለከቱ ብዙ አወሩ። ኢሳይያስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

"ይኸው፣ ነገር ሲያቀብል!" አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ በመስኮት እያዩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ትልም ታጭዶ ጠበቃቸው። ገና እሸት ያልያዘ ለጋ ባቄላ። ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

ኢሳይያስ አልካደም። "እኔ ነኝ አባባ። ከመንገድ የሚታየው ብቻ ይነሣ አሉኝ። ሶ፣ የቀረው እንዲተርፍ ብዬ ነው።"

"አንተን ማን አዛዥ አደረገህ? በእኔ መሬት?"

ኢሳይያስ አፉን ከፈተ። ሽበታቸውን አየና መልሶ ዘጋው። "ይቅርታ፣ አባባ።"

"ይቅርታህን እዚያው! ዛሬ ትልሙን፣ ነገ ድንጋዩን ልታነሣ ነው። ይለካ!"

"ባይለካስ? እባክዎ አባባ። ባቄላው እንዳለ ይሁን፣ ኦኬ?"

"ፈራህ አይደል? ገፊ!"

ኖላዊት ለመነቻቸው። "አባዬ፣ ይተዉት። ነገም ፊት ለፊት የምንተያይ ሰዎች ነን።"

"ቀያሽ ጥሪ። ወሰኗን ከምታስገፋ ልጅ ቤት ውኃ አልጠጣም፤ ዛሬውኑ አገሬ እገባለሁ። እኔ ከተወለድኩ የሰው ስንዝር ነክቼ አላውቅም። የነካ ሰው ደግሞ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምም።"

ቀያሿ ቅዳሜ መጣች። አቶ ወልደ ሥላሴ ምስክር ይሁኑ ብለው ጎረቤቱን ሁሉ በልጃቸው አስጠርተዋል። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ኢሳይያስ ብቻ ከቤቱ አልወጣም።

"አፈረ" አሉ ጮክ ብለው።

ቀያሿ ነጫጮቹን ድንጋዮች እንደ ሣር ጌጥ ቆጥራ ዞራ ሳታያቸው አለፈች። ከኖላዊት ግድግዳ ሥር አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና የተቀበረ ብረት አገኘች። በመንገዱ ዳር ሌላ አገኘች። ከአንዱ ወደ ሌላው ገመድ ወጠረች።

ገመዱ የኖላዊትን ግድግዳ ታክኮ አለፈ፤ ባቄላው ከነነጫጭ ድንጋዮቹ በኢሳይያስ በኩል ቀረ።