የደጃፉ ጤና አዳም

«ማታ አልብሺው፣ ጠዋት ግለጪው። ሌላ አደራ የለኝም» ብለዋት ነበር አማቷ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ እንዳይመታባቸው የሰጉለት፣ ደጃፍ ላይ ሊያብብ የደረሰው ጤና አዳማቸው ነው።

ሙሽራዋ ላስቲክ አለበሰችውና አንድ ቀን ሳትገልጠው ገበያ ዋለች። ከውርጩ የተረፈውን ተክል የቀትር ፀሐይ ላስቲኩ ውስጥ ቀቀለው።

ከዚያ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ስልክ በጮኸ ቁጥር የአማቷ ጥያቄ ያው ነው።

«ጤና አዳሜስ?»

«ደ... ደኅና ነው እማማ፤ አብቧል።»

ችግኝ ሻጮቹን ሁሉ አዳርሳ ቁመቱ የሚመስል ገዛችና እዚያው ተከለችው። ማታ ነጠላዋን እያለበሰች፣ ጠዋት እየገለጠች፣ ቀን አሥር ጊዜ እየወጣች ስታየው ሰነበተች።

አማቷ የመጡ ዕለት ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን አሹና አሸተቱት።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ውሃ ልታመጣላቸው ገባች። ስትመለስ አማቷ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጤና አዳም ችግኝ ከቦርሳቸው አውጥተው በአጥሩ ላይ ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ።

«በስልክ ድምጿ ሲርበተበት መሞቱ ገብቶኝ፣ ተደብቄ ልተክልላት ነበር የገዛሁት» ይላሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ውሰጂው። ቀድማኛለች።»