የእትዬ ጸሐይወርቅ የመርከብ ፈተና

እትዬ ጸሐይወርቅ ጥቁር የለበሰ ሰው ካዩ ያለቅሳሉ። ችግሩ ይሄ ነው።

ማልቀስ ሲባል ደግሞ ዓይን ማበስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደረት እየተደቃ፣ ሟቹ በስሙ እየተጠራ ነው። ስሙን ካላወቁት «ወንድሜ» ይሉታል። እሳቸው ዘንድ ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። ባሕር ማዶ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን ውስጥ፣ እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ከለቅሶ አይቆጠርም። ባለፈው ገና ግን የልጃቸው የሔርሞን መሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች አዩና አንድ በአንድ እያቀፉ አጽናኗቸው። አለቃዋ ሳትቀር አብራ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አሁን ደግሞ የሔርሞን እጮኛ ቤተሰቦች እናትና ልጅን በትልቅ መርከብ ለአንድ ሳምንት ሽርሽር ጋብዘዋል። በዚያ መርከብ ላይ አንዳንዱ ምሽት ፎርማል ነው። ፎርማል ማለት አዳራሽ ሙሉ ሰው በጥቁር ማለት ነው።

«ማቲ፣ አንተ ቴስት አድርጋት» አለች ሔርሞን ለአክስቷ ልጅ ደውላ። «እማዬ ፌይል ካደረገች እዚሁ ትቀራለች። ሶሪ።»

«ባሕር ሳላይ ልሙት እንዴ?» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ይህን ሲሰሙ።

ማቲ መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለ መርከብ አለባበስ ግን ዩቲዩብ ላይ ያላየው ነገር የለም። ወዲያው ከተማው ዳር ባለው ሐይቅ ላይ ለሚዞር የእራት መርከብ ትኬት ቆረጠ። አለባበሱ ፎርማል ስለመሆኑ አልተጠራጠረም፤ ማታ ነው፣ መርከብ ነው፣ እራት አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ባቡር ውስጥ ትምህርቱ ተጀመረ።

«እትዬ፣ የመርከብ ምሽት ሁለት ዓይነት ነው። ካዥዋል ሲሆን ወንዱ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ፣ ሴቷ ቀለል ያለ ቀሚስ። ቁምጣና ነጠላ ጫማ እራት አዳራሽ አይገባም። ፎርማል ሲሆን ግን ወንዱ እንደኔ ጥቁር ሱፍ ከቢራቢሮ ክራባት ጋር፣ ሴቷ እንደርስዎ እስከ ቁርጭምጭሚት። እዚያ ላይ ጥቁር ክብር ነው እንጂ ሐዘን አይደለም። ይድገሙት።»

«ጥቁር ክብር ነው» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ክፉ ቃል እንደተናገረ ሰው እያማተቡ።

ቢራቢሮዋን ቤት ውስጥ ሲያስርና ሲፈታ ስለቆየ ሐይቁ ዳር የደረሱት በሩጫ ነው። ሁለት ነጫጭ መርከቦች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ላይ ሙዚቃው ይደልቃል፣ ቁምጣ የለበሰ ሁሉ ይጨፍራል። ሌላው ላይ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ዝግ ብሎ ይገባል።

«አዩ ልዩነቱን? ያ ካዥዋል፣ ይሄ የኛ» አለ ማቲ፤ እጃቸውን ይዞም ወደ ጥቁሩ ገባ።

በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ትኬት አልጠየቀም። ልብሳቸውን አየ፣ አንገቱን ሰበር አደረገና «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን» አለ በለሆሳስ።

«ልብሱ ራሱ ትኬት ነው!» አለ ማቲ ደረቱን ነፍቶ።

ውስጥ፣ በነጭ አበባ የተከበበ የአንድ ሳቂታ ሽማግሌ ትልቅ ፎቶ ቆሟል።

«የመርከቡ ባለቤት ይሆናል» አለ ማቲ። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ክዳን ያለው የብር ዕቃ አለ። «ያቺ ዋንጫ ናት። በአለባበስ አንደኛ ለወጣ ትሰጣለች።» አጠገቧ የተቀመጡት ባለ ሽበት ሴትዮ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው ፊታቸውን በስስ መረብ ሸፍነዋል። «በቃ፣ እሳቸው ወሰዷት!» ብሎ አውራ ጣቱን አነሳላቸው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።

«ማቲዬ፣ ሰው ሞቷል» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ።

«ማንም አልሞተም።»

«ያ ሰውዬ ይናፈጣል።»

«ኤሲው ነው።»

«እነዚያ ተቃቅፈው ቀሩ።»

«ወይን ሞቅ አድርጓቸው ነው።»

«እራቱስ? ይቺ ዳቦ ብቻ ናት?»

«ፎርማል ላይ ጥጋብ ነውር ነው፣ እትዬ።»

አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ድምፁ እየተቆራረጠ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ማቲ ዘሎ ተነሥቶ አጨበጨበ። ብቻውን። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው።

«አዩ፣ ሰው ሥርዓት አያውቅም» አለና ተቀመጠ።

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ሁሉም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። የእትዬ ጸሐይወርቅ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እትዬ፣ በማርያም! ባሕሩን ያስቡ! ጥቁር ምንድን ነው?»

«ክብ... ክብ...»

«በርቱ! ክብ...?»

«ወይኔ ወንድሜን! ያ ሳቅህ የት ገባ፣ ወንድሜን!»

ደረታቸውን ሲደቁት ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። ማቲ በናፕኪን አፋቸውን ሊይዝ ሞከረ፤ ናፕኪኑን ቀምተው እንባቸውን ጠረጉበት። ተስፋ ቆረጠ። ስልኩን አወጣና ለሔርሞን «ፌይል» ብሎ ቴክስት አደረገላት።

ቀና ሲል ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ወደ እነሱ እየመጡ ነው። ማቲ ላብ በላብ ሆነ።

«በጣም ይቅርታ» አላቸው በእንግሊዝኛ። «አክስቴ ፎርማል ምሽት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።»

ሴትዮዋ አልሰሙትም። እትዬ ጸሐይወርቅ አንገት ላይ ተጠምጥመው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ መረቡን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ማቲ ዞሩ።

«የባሌን አመድ ከዚያ የብር ዕቃ አውጥቼ ሐይቁ ላይ ስበትን እኚህ ሴት ከጎኔ ይቁሙልኝ በልልኝ፤ እሱን ሊሰናበት ከመጣው ሰው ሁሉ፣ እንደ ሰው ያለቀሱለት እሳቸው ብቻ ናቸው።»