ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ

ጠዋት ሻይ ጠጥቼ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ለባለቤቴ ሙት ዓመት ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ፈልገን ነበር፤ መታወቂያው ላይ ያለው ኮስታራ ነው። ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላውቀውም፣ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ አለ።

"እሺ እንዳትዪው፣ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል!" ብላ እህቱ ትርንጎ እጄን ያዘች።

ገመዱን ቀየርን፤ እምቢ አለ።

"ግትርነቱ ቁርጥ ወንድሜን!" አለችና በሌላ መሰኪያ ሰካችው። ተከፈተ። እልልታዋን አቀለጠችው።

ላንጋኖ፣ የልጆች ልደት፣ የትርንጎ ምርቃት።

"ፀጉሬን እዪልኝ! ወፍ የሠራችው ነው እንዴ?" አለች ትርንጎ።

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ ስንደርስ ትርንጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁሉም ፎቶ ላይ እኛ ካሜራ ወደያዘው ወደ ባለቤቴ እያየን እንስቃለን። እሱ በአንዱም የለም።