ቻይናዊቷ ያጠፈችው ወረቀት

«እጅሽን ሰብስቢ... እሱን አትንኪብኝ።»

ጋሽ እንግዳወርቅ የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

ሐበሻዋ ነርስ ስሂን ሸሚዛቸውን ልታወልቅላቸው ነበር። ደረታቸው ላይ የሚለጠፈውን ሽቦ ይዛ ቆማለች።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሆስፒታል፣ ኢመርጀንሲ ክፍል... 2013፣ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነው ልባቸው እንደ ደነበረ በቅሎ የጋለበባቸው። ልጃቸው ሃኒ በመኪናዋ ይዛቸው በረረች።

«አባባ፣ ወረቀት ነው እኮ» አለች ስሂን።

«ሸሚዙን ውሰጂ። ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆይ።»

አውጥተው በጡጫቸው ጨበጡት።

ሐኪሙ ገባ። ሞኒተሩን አየ... ፊቱ ተለወጠ።

«ከልብ ኪኒናቸውና ከሽንት ኪኒናቸው ሌላ የሚወስዱት አለ? ቅጠል፣ ሻይ፣ ምንም ነገር?»

ሃኒ ተረጎመችላቸው።

«የለም።»

«አባዬ ፕሊስ፣ ሲሪየስ ነው።»

«የለም አልኩሽ።»

ዋሹ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ወዳጃቸው ልሳነወርቅ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። እሱም ልቡ እየመታ አላስተኛ ብሎት ነበር። ከአንዲት ቻይናዊት መድኃኒት አዋቂ የተቀመመ ሥራሥር ገዝቶ፣ እየቀቀለ ቢጠጣው... ተሻለው።

«ና ልውሰድህ» አላቸው። «ኪኒን እንደምትውጥ ግን እንዳትነግራት። አትሸጥልህም።»

ሄዱ።

ሴትየዋ ሦስት ጣቷን የእጃቸው አንጓ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።

«ኪኒን ይወስዳል?» ስትል ልሳነወርቅን ጠየቀችው።

«ኖ» አለ ልሳነወርቅ፣ ፍርጥም ብሎ።

አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ እሳቸውን። ራሷን ነቀነቀች። አልሸጠችም።

ልሳነወርቅ ተቆጥቶ መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ። እሷ ወረቀት አወጣች። በራሷ ፊደል ጻፈች፣ ከሥሩም ብዙ ጨመረች። አራት ቦታ አጥፋ በገዛ እጇ ኪሳቸው ከተተችላቸው። የሆነ ነገር ተናገረች። ጋሽ እንግዳወርቅ ምንም ሳይገባቸው «እሺ... እሺ» ብለው ወጡ።

ፊደል አልቆጠሩም። በአገራቸው ግን አዋቂ ጽፎና አጥፎ ደረት ላይ የሚያኖረው ነገር አንድ ብቻ ነው።

ክታብ።

ክታብ ደግሞ አይከፈትም።

«ንፉግ ናት» አለ ልሳነወርቅ መኪና ውስጥ። «ምን ገዶን፣ ከኔ ትካፈላለህ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። መድኃኒት ሲያወሩት ይረክሳል።»

ዘጠኝ ቀን ጠጡ። ሃኒ «ምንድነው የሚሸተው?» ስትል «ዝንጅብል ነው» እያሉ።

...ሐኪሙ ስሂንን አዘዛት። የልብ መድኃኒታቸው በመርፌ እንዲጨመርላቸው።

ስሂን ወጥታ ተመለሰች። መርፌው በእጇ ነው። ሞኒተሩ ይጮኻል።

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው።

«አባባ... ክታብ ነው እንዴ?»

ጡጫቸውን አጠበቁ።

«ማን ጻፈልዎት?»

«ቻይናዊት።»

ስሂን ቀና አለች። «ቻይና ደግሞ መቼ ክታብ መጻፍ ጀመረች?»

«አዋቂ የሌለው አገር የለም» አሉ።

ግን ልባቸው አንዴ ቀጥ ብላ እንደገና ስትነሳ ተሰማቸው። ሃኒን አዩ። እናቷ የሞተች ቀን ያየቻቸውን አስተያየት ነው የምታያቸው።

ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱ።

ሃኒ ወረቀቱን ዘረጋችው። ከቻይናው ፊደል ሥር እንግሊዝኛ ነበር።

«ለሐኪማቸው። እኚህ ሰው ኪኒን አይወስዱም ተብያለሁ። የደም ሥራቸው ግን ይወስዳሉ ይለኛል። ስለዚህ አልሸጥኩላቸውም። ጓደኛቸው ከራሱ እንደሚያካፍላቸው ግን ከዓይኑ አይቻለሁ። እሱ የሚጠጣው ውስጥ ያለው ይኸው...»

ከዝርዝሩ አንዱ ሥር ሁለቴ ተሰምሮበታል። ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደው። አነበበ።

«መርፌውን አቁሚ።»

ሊኮሪሱ ከሽንት ኪኒኑ ጋር ተደርቦ በደማቸው ያለውን፣ የልብን ምት የሚጠብቀውን ፖታሲየም ጠርጎታል። በዚያ ላይ የልቡ መድኃኒት ቢጨመር... ያቺ ልብ ዳግመኛ ላትነሳ ትችል ነበር።

«ጠጥተሃል አባዬ?»

«ዘጠኝ ቀን» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

ፖታሲየም ተሰጣቸው። ሲመሻሽ ልባቸው ረጋ።

ወገኖቼ... አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀም ያው ነው። ደግሞም የከለከለን ሁሉ ንፉግ፣ ያካፈለን ሁሉ ቸር አይደለም።

እናንተ ብትሆኑስ? አባታችሁ ከሐኪም ደብቀው የሚጠጡት ነገር እንዳለ ብታውቁ ትናገሩባቸዋላችሁ፣ ወይስ ምስጢራቸውን ትጠብቃላችሁ? ኮሜንት ላይ እንጠብቃችኋለን።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ይቺን ስሙ...

በሳምንቱ ጋሽ እንግዳወርቅ ሃኒን አስከትለው አሌክሳንድሪያ ሄዱ። «እንደሚያካፍለኝ በምን አወቅሽ?» ብለው አስጠየቋት።

ሴትየዋ እጃቸውን ያዘች። ቀስ ብላ መለሰችላቸው። ሃኒ ተረጎመችው።

«አባቴም ጓደኛው ያካፈለውን ነበር የሚጠጣው። ሐኪሙ ሲጠይቀው 'የለም' ብሎ ሞተ።»